ሪሬዝ በካርታ ዝርዝር አይመረጥም፦ «አራት እጅ ይበቃሃል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ የሚያነበው አንድ ጽሑፍ አለ። ቴክሳስ ሆልደም (እያንዳንዱ ሰው ሁለት የራሱ ካርታ ይዞ፣ አምስት የጋራ ካርታ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣበት የፖከር ዓይነት) ላይ አንድ ሰው ሬዝ አድርጎ፣ ማለት ማስያዣውን ከፍ አድርጎ፣ ሲከፍት ከፍሎፕ (የመጀመሪያዎቹ ሶስት የጋራ ካርታዎች) በፊት ሪሬዝ ለማድረግ፣ ማለት እሱ ላይ እንደገና ከፍ ለማድረግ፣ አራት እጅ ብቻ ይበቃሃል ይላል፣ ጥንድ ኤስ፣ ጥንድ ኪንግ፣ ጥንድ ኩዊን እና ኤስ-ኪንግ። ከዛ ላይ ሌሎች ምክሮችም ይጨምራል፣ ዝርዝሩ ለሁሉም ወንበር አንድ ነው፣ ብሉፍ (በደካማ ካርታ ሌላውን አስፈራርቶ ማስጣል) ካማረህ በቆሻሻ ካርታ አድርገው፣ ጥንድ ጃክና ጥንድ 10 ሲመጣ ደግሞ የት እንዳለህ ለማወቅ ሪሬዝ አድርግ ምናምን። ጽሑፉ በቅን ልብ የተጻፈ ነው፣ አጻጻፉም ግልጽ ነው፣ እንደውም ችግሩ እዛ ላይ ነው፣ በጣም ቀላል ስለሆነ ጀማሪ ሰው ሸምድዶት ይሄድና ዓመት ሙሉ ለምን እንደማያተርፍ ሳይገባው ይቀራል። ስለዚ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። (ከዚ በታች ብላይንድ የሚባለው ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ሰዎች በግድ የሚያስይዙት ነው፣ ቢግ ብላይንድ ትልቁ፣ ስሞል ብላይንድ ግማሹ፤ ዝም ብዬ «ብላይንድ» ስል የቢግ ብላይንድ መጠን ማለቴ ነው፣ ሌላ ካላልኩ ሁሉም ሰው 100 ብላይንድ ይዞ እንደተቀመጠ አስቡት።)

«አራት እጅ ይበቃሃል»

እስቲ እንቁጠረው። ከ52 ካርታ ሁለት ካርታ የሚመጣበት መንገድ 1,326 ነው። አንድ ጥንድ 6 ኮምቦ (የሚመጣበት መንገድ) አለው፣ አንድ ሱትድ (ሁለቱም ካርታ አንድ ምልክት የሆነ) እጅ 4፣ አንድ ኦፍሱት (ምልክቱ የተለያየ) እጅ 12። ሶስቱ ጥንዶች 18፣ ኤስ-ኪንግ ሱትዱም ኦፍሱቱም ተደምሮ 16፣ ጠቅላላ 34። ይሄ ማለት 2.6 በመቶ አካባቢ ነው፣ ከ39 እጅ አንዴ ገደማ፣ ያም ቢሆን ከፊትህ ሰው ከከፈተ ነው እንጂ ካልከፈተ ሪሬዝ የሚባል ነገርም የለም። ትንሽ ዓይኑን የከፈተ ተጋጣሚ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያውቅሃል፣ አንተ ሪሬዝ ስታደርግ ጥንድ ጃኩን ሳይቀር ይጥላል፣ ስንት እጅ ጠብቀህ ያገኘኸው ጥንድ ኤስ ብላይንዶቹንና እሱ የከፈተበትን ብቻ ይዞልህ ይመጣል። ሌሎቹን እጆች ሁሉ ደግሞ ወይ እየጣልክ ወይ ኮል እያደረግክ (እሱ ያስያዘውን ያህል ብቻ አስይዘህ እየቀጠልክ) ነው የምትኖረው፣ ሰውየው በ40 በመቶ ካርታ እየከፈተ ዝም ተብሎ ሲያልፍ ማለት ነው።

የሪሬዝን ዋጋ ማስላት ከባድ አይደለም። ከትኦፍ (ከበተን ቀድሞ ያለው ወንበር) ላይ ያለው ሰው 2.5 ከፈተ፣ አንተ በተን (ከፍሎፕ በኋላ መጨረሻ የሚናገረው ወንበር) ላይ ሆነህ ወደ 7.5 አደረግከው። መሃል ላይ ያለው የእሱ 2.5 እና የብላይንዶቹ 1.5፣ በጠቅላላ 4 ነው። 4 ለማግኘት 7.5 አስያዝክ ማለት ነው፣ 7.5ን ለ11.5 ስታካፍለው 65 በመቶ ይመጣል። ሁሉም ሰው ከ65 በመቶ በላይ ጊዜ የሚጥል ከሆነ ኮል ከተደረግክ በኋላ አንድም ቀን ባታሸንፍ እንኳን አትራፊ ነህ። እውነታው ላይ ደግሞ ኮል ከተደረግክም ታሸንፋለህ፣ ስለዚ ከዚያ ያነሰም ይበቃሃል። ጽሑፉ ውስጥ ይሄ ስሌት አንድም ቦታ የለም፣ ሪሬዝ ማለት «ጥሩ ካርታ ይዣለሁ» ብሎ ማሳወቂያ ነው የተደረገው። ሪሬዝ ግን ሶስት መልስ ያለው ጥያቄ ነው፣ ይጥላል፣ ኮል ያደርጋል፣ ወይ ፎርቤት (ሪሬዝህ ላይ እንደገና ከፍ ማድረግ) ይመልስልሃል። የእጅ ምርጫ ማለት ሶስቱም መልስ ላይ ይሄ ካርታ ምን ይሆናል ብሎ ማሰብ ነው።

«ዝርዝሩ ለሁሉም ወንበር አንድ ነው»

እዚ ላይ ነው በጣም የማልስማማው፣ ሌላው ስህተት ሁሉ የሚመነጨው ከዚ ስለሆነ ረዘም ላድርገው።

ዘጠኝ ሰው ባለበት ጠረጴዛ ላይ መጀመሪያ የሚናገረው ሰው ከፈተ እንበል። ጠንቃቃ ተጫዋች ከዛ ወንበር 12 በመቶ አካባቢ ይከፍታል፣ ወደ 159 ኮምቦ። በተን ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሁሉም ጥለውለት ሲደርሰው 45 በመቶ ቢከፍት የሚገርም አይደለም፣ ያ ወደ 600 ኮምቦ ነው። አሁን ሁለቱም ሪሬዝ ሲደረግባቸው የሚቀጥሉበት ካርታ አንድ ዓይነት ነው እንበል፣ ከጥንድ 8 ጀምሮ ያሉት ጥንዶች ሁሉ፣ ኤስ-ኪንግ፣ ኤስ-ኩዊን ሱትድ፣ ኤስ-ጃክ ሱትድ፣ ኪንግ-ኩዊን ሱትድ። ጥንዶቹ 42፣ ኤስ-ኪንግ 16፣ ሶስቱ ሱትዶች 12፣ ድምሩ 70 ኮምቦ። የመጀመሪያው ሰው ከ159 ውስጥ 70 ይዞ ይቀጥላል፣ 56 በመቶ ጊዜ ብቻ ይጥላል፣ ከላይ ያሰላነው 65 ላይ አይደርስም። የበተኑ ሰው ከ600 ውስጥ 70 ይዞ ቢቀጥል 88 በመቶ ጊዜ ይጥላል። (የራሳችንን ሁለት ካርታ ሳንቀንስ ነው ያሰላሁት፣ ስንቀንሰው ትንሽ ይለዋወጣል እንጂ ልዩነቱ አይጠፋም።) የበተኑ ሰው ይሄንን ለማስተካከል ከ70 በጣም የበለጠ ኮምቦ ይዞ መቀጠል ግድ ይለዋል፣ ያኔ ደግሞ የሚቀጥልበት ካርታ ይደክማል፣ ኤስ-10፣ ኪንግ-ጃክ፣ ጥንድ 5 የመሳሰሉት ይገባሉ፣ እናም ያንተ ኤስ-ኩዊን፣ ያንተ ጥንድ 10 በቀጥታ በቫልዩ (ያነሰ ካርታ የያዘ ኮል እንዲልህ) ሪሬዝ የሚደረግ እጅ ይሆናል ማለት ነው።

ይሄ ማለት ያው አንድ ካርታ፣ በሉ ኤስ-ኩዊን ኦፍሱት፣ በተን ለከፈተ ሰው በደስታ ሪሬዝ የሚደረግ ነው፣ ከመጀመሪያው ወንበር ለከፈተ ጠንቃቃ ሰው ግን ብዙ ጊዜ መጣል ያለበት ነው፣ ምክንያቱም ሪሬዝህን ተቀብሎ የሚቀጥለው ሰው ኤስ-ኪንግ ወይ ትልቅ ጥንድ ነው የሚይዘው፣ ኤስ-ኩዊን ደግሞ ከኤስ-ኪንግ ጋር ሲገጥም ድርሻው (የማሸነፍ ዕድሉ) ሩብ አካባቢ ነው። ኤስ ፍሎፕ ላይ ሲወጣ ደስ ብሎህ ገንዘብ ታስገባለህ፣ ደስ ያለህ ቦታ ላይ ነው የምትበላው። ካርታህ አልተቀየረም፣ የተቀየረው ሰውየው የተቀመጠበት ወንበር ነው።

ያንተም ወንበር አለ ደግሞ። በተን ላይ ሆነህ ሪሬዝ ካደረግክ ፍሎፑንም ተርኑንም ሪቨሩንም (አራተኛውንና አምስተኛውን የጋራ ካርታ) እሱ ቀድሞ እየተናገረ አንተ አይተህ ትወስናለህ፣ ስሞል ብላይንድ ላይ ሆነህ ካደረግከው ሁሉንም ቀድመህ አንተ ነህ የምትናገረው። ስለዚ 7-6 ሱትድ የመሰለ እጅ በተን ላይ አንዳንዴ ሪሬዝ ቢደረግበት ያስኬዳል፣ ስሞል ብላይንድ ላይ ግን በጣም ቶሎ ያስቸግራል። ለሁለቱም ወንበር አንድ ዝርዝር የሚሰጥ ምክር ይሄን ሁሉ እንደሌለ አድርጎ ነው የሚነሳው።

«ብሉፍ ካደረግክ በቆሻሻ ካርታ አድርገው፣ ፎርቤት ሲመጣ ስትጥለው አይቆጭህም»

እዚ ውስጥ ግማሽ እውነት አለ፣ እሱን ልስጠው። ጥሩ ኮል የሚደረግበት እጅ፣ ለምሳሌ ኪንግ-ኩዊን ሱትድ በተን ላይ ሆነህ፣ ብሉፍ አድርገህበት ፎርቤት መጥቶ ስትጥለው በእውነት ታባክነዋለህ፣ ፍሎፕ ማየት የሚገባው ካርታ ነበር። እስከዚ ድረስ ትክክል ነው። ከዛ ወደ 7-2 መዝለሉ ነው ስህተቱ። መሃል ላይ እኮ ሌላ ቤት አለ፣ ኮል ለማድረግ ትንሽ የሚያንስ ግን ቆሻሻ ያልሆነ።

ታዋቂው ምሳሌ ኤስ-5 ሱትድ ነው፣ ሶልቨሮችም (ምርጡን አጨዋወት የሚያሰሉ ፕሮግራሞች) በጣም የሚወዱት እጅ ነው፣ ለምን እንደሆነ እንየው። አንደኛ ብሎከር ነው፣ የተጋጣሚህን ጠንካራ ካርታ ይቀንሳል። እጅህ ላይ አንድ ኤስ ካለ ለተጋጣሚህ የቀረው ጥንድ ኤስ ከ6 ኮምቦ ወደ 3 ይወርዳል፣ ኤስ-ኪንግ ከ16 ወደ 12። ፎርቤት የሚያደርገው በጥንድ ኤስ፣ በጥንድ ኪንግና በኤስ-ኪንግ ብቻ ከሆነ 28 የነበረው ኮምቦ 21 ሆነ፣ ሩቡ ጠፋ። 7-2 ይዘህ ግን 28ቱም እንዳሉ ናቸው፣ እንደውም እሱ ሊጥላቸው የሚችሉ ደካማ ካርታዎችን ነው አንተ የያዝከው። ሁለተኛ ኮል ሲደረግ ነው ጉዳዩ። ኤስ-5 ሱትድ ከጥንድ ኪንግ ጋር ሲገጥም አንድ ሶስተኛ የሚጠጋ ድርሻ አለው፣ 7-2 ኦፍሱት 12 በመቶ አካባቢ። ሶስተኛ ኤስ-5 በ2-3-4 ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) ይሰራል፣ ፍለሽ (አምስት አንድ ምልክት ካርታ) ሲሰራ ደግሞ ከትልቁ ጋር ነው፣ ፍሎፕ ላይ ባይመታም ብሉፉን የሚቀጥልበት ምክንያት ያገኛል። ኤስ-9 ሱትድስ? ኤሱ ያው ነው፣ ግን በ9ኙ ያንን ትንሹን ስትሬት አያገኝም፣ ደግሞ ብዙ ቦታ ላይ ኮል አድርገህ ፍሎፕ ብታይበት ይሻላል።

ብዛቱም ቢሆን ከዚ ይመጣል። ከኤስ-2 እስከ ኤስ-5 ያሉት አራት ሱትድ እጆች እያንዳንዳቸው 4 ኮምቦ፣ በድምሩ 16። የጸሐፊው አራት እጆች 34 ኮምቦ ናቸው ብለናል፣ በእነሱ ላይ 16ቱን ስትጨምር ሁለት ቫልዩ ለአንድ ብሉፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። የአራቱን እጆች ዝርዝር የሚወድ ሰው እንኳን ይሄን ብቻ ቢጨምርበት ለማንበብ በጣም ይከብዳል። ቆሻሻ ልጨምር ካልክ ግን ወሰኑ የት ነው? የትኛው ቆሻሻ? ኦፍሱት እጅ 12 ኮምቦ ነው፣ ሶስት አራቱን ስትጨምር 40 እና 50 ኮምቦ ብሉፍ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ያኔ ተጋጣሚህ ዝም ብሎ ፎርቤት ሲያደርግብህ ይውላል።

«ጥንድ ጃክና ጥንድ 10 ላይ ሪሬዝ አድርግ፣ የት እንዳለህ ታውቃለህ»

ይሄ ምክር በጣም የቆየ ነው፣ ብዙ ሰው ሲደጋግመው እውነት መስሏል። እስቲ ጠንቃቃው ሰው ከመጀመሪያው ወንበር ከፍቷል፣ አንተ ጥንድ ጃክ ይዘህ ሪሬዝ አደረግክ፣ እሱ የሚቀጥለው ከጥንድ ኩዊን ጀምሮ እና በኤስ-ኪንግ ብቻ ነው። የት እንዳለህ አወቅክ፣ እሺ፣ የት ነው ያለኸው? 18 ኮምቦ ትልልቅ ጥንድ ላይ ድርሻህ አንድ አምስተኛ አይሞላም፣ 16 ኮምቦ ኤስ-ኪንግ ላይ ትንሽ ትበልጣለህ፣ በአማካይ 36 በመቶ አካባቢ። ኤስ-ጃክ፣ ኪንግ-ኩዊን፣ ጥንድ 9፣ ጥንድ 8 የያዘባቸውን ጊዜያት ሁሉ ደግሞ ራስህ አባረርካቸው፣ አንተ የምታሸንፋቸው እነሱ ነበሩ እኮ! መረጃ የገዛኸው የሚከፍልህን ሰው በማስወጣት ነው። ኮል ብታደርግ እነዛ ሁሉ እጆች ፖት (መሃል ላይ የተጠራቀመው ገንዘብ) ውስጥ ይቆያሉ።

«ግን ፍሎፕ ላይ ትልልቅ ካርታ ይወጣል» የሚል ይኖራል፣ ልክ ነው፣ ጥንድ ጃክ ይዘህ ኩዊን ወይ ኪንግ ወይ ኤስ ፍሎፕ ላይ ቢያንስ አንድ የሚወጣበት ዕድል 57 በመቶ ነው። ሪሬዝ ማድረግ ግን ያንን ቁጥር አይቀንሰውም፣ ያው 57 በመቶ በትልቅ ፖት ውስጥ ነው የሚገጥምህ። በተን የከፈተው ሰው ላይ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፣ እዛ ጥንድ ጃክ ለመረጃ ሳይሆን ለቫልዩ ሪሬዝ ይደረጋል፣ ምክንያቱም በደካማ ካርታ ኮል ያደርጋል። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው፣ ከእኔ ያነሰ ምን ይዞ ኮል ያደርጋል? መልስ ከሌለህ ለቫልዩ አይደለም የምታደርገው።

ስለ ትናንሽ ጥንዶች ጽሑፉ በጥቂቱ ነው የነካው፣ እኔም በጥቂቱ። ከጥንድ 2 እስከ ጥንድ 5 ያሉት ሶስተኛውን ፍሎፕ ላይ የሚያገኙት 11.8 በመቶ ጊዜ ነው፣ ከ8 ወይ 9 አንዴ። ሪሬዝ የተደረገበት ፖት ላይ ከስታክህ (ፊትህ ካለው ገንዘብ) አንጻር ፖቱ ትልቅ ስለሚሆን ያንን ጥበቃ የሚከፍል ገንዘብ ከኋላ አይቀርም። ለምሳሌ ስሞል ብላይንድ ሆነህ ወደ 11 አደረግከው፣ በተን ኮል አለ፣ ፖቱ 23 ነው፣ ከኋላ የቀረው 89፣ አራት እጥፍ እንኳን አይሞላም። እንዲህ ያለ ፖት ላይ ጥሩ የሚሰሩት ኤስ-ኪንግ፣ ኤስ-ኩዊን፣ ትልልቅ ጥንዶች ናቸው፣ አንድ ጥንድ ሰርተው ሙሉ ስታክ ማስገባት የሚችሉት።

«ስሞል ብላይንድ ላይ ግማሹን ከፍለሃል፣ ርካሽ ስለሆነ ኮል አድርግ»

በተን 2.5 ከፈተ፣ አንተ 0.5 አለህ፣ 2 ትጨምራለህ፣ መሃል ላይ 4 አለ፣ ስለዚ 33 በመቶ ድርሻ ያስፈልግሃል። ቢግ ብላይንድ ላይ ያለው ሰው ያንኑ ፖት ለማየት 1.5 ነው የሚጨምረው፣ 27 በመቶ ይበቃዋል፣ ከሱ በኋላ የሚናገር ሰውም የለም። አንተ ግን ከኋላህ ቢግ ብላይንድ ቁጭ ብሎ እየጠበቀህ ነው፣ ሪሬዝ አድርጎ ሁለታችሁንም ሊያስወጣችሁ ይችላል፣ ካላስወጣህም ሶስት ሰው ያለበት ፖት ላይ መጀመሪያ ተናጋሪ አንተ ነህ። ጨዋታው ላይ ኮሚሽን የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ብዙ ቦታ ፍሎፕ ካልወጣ አይቆረጥም፣ ስለዚ ከፍሎፕ በፊት አሸንፎ መጨረስ ራሱ ዋጋ አለው።

ለዚ ነው ብዙ ጠንካራ ተጫዋቾች ስሞል ብላይንድ ላይ ወይ ሪሬዝ ወይ ፎልድ (መጣል) የሚሉት። ኮል የሚባል ቤት ከሌለ ደግሞ የእጅ ምርጫው ቅርጹን ይቀይራል፣ ከላይ ጀምረህ ተከታትለህ ወደታች ትወርዳለህ፣ ጥንድ 9፣ ኤስ-ጃክ ሱትድ፣ ኪንግ-ኩዊን፣ ኪንግ-ጃክ ሱትድ የመሳሰሉት ሁሉ ይገባሉ፣ ሊኒየር የሚሉት ይሄን ነው። ቢግ ብላይንድ ላይ ግን መካከለኞቹ ካርታዎች በርካሽ ኮል ስለሚያደርጉ ሪሬዝህ ከላይኛው ጫፍና ከኮል መስመር ዝቅ ካሉት ሱትዶች ይሰበሰባል፣ መሃሉ ባዶ ነው፣ ፖላራይዝድ ማለት ያ ነው። እነዚህን ሁለት ቅርጾች ሳይለዩ የእጅ ዝርዝር መስጠት አይቻልም።

«ሁልጊዜ ሶስት እጥፍ አድርገው»

ፖዚሽን ካለህ፣ ማለት ከእሱ በኋላ የምትናገር ከሆነ፣ ሶስት እጥፍ አካባቢ ጥሩ ነው። ከሌለህ ወደ አራት እጥፍ ጠጋ በል፣ መሃል ላይ ኮል ያደረገ ሰው ካለ ደግሞ ለእያንዳንዱ አንድ መክፈቻ ያህል ጨምር። ይሄው ነው።

«ፎልድ የማያውቅ ሰው ላይ ብሉፍ አታድርግ»

እዚ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ ጽሑፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ትልቁ ትክክለኛ ነገር ይሄ ነው። ኮል ማድረግ የሚወድ ሰው ላይ ኤስ-5 ሱትድን ተወው፣ ብሎከሩ ምንም አይሰራልህም፣ እሱ ካርታህን አያስብም። ግን ጸሐፊው ከዚ ተነስቶ «ስለዚ ወደ አራቱ እጆች ተመለስ» ይላል፣ መደምደሚያው ግን ተቃራኒው ነው መሆን ያለበት! በደካማ ካርታ ኮል የሚያደርግ ሰው ላይ ቫልዩህን ነው ማስፋት ያለብህ። ኤስ-10 ይዞ፣ ኪንግ-10 ይዞ፣ ኩዊን-ጃክ ይዞ የሚከተልህ ከሆነ ኤስ-ኩዊን፣ ኤስ-ጃክ ሱትድ፣ ኪንግ-ኩዊን፣ ጥንድ 10 ሁሉ ሪሬዝ ይደረግባቸዋል። ብሉፉ ዜሮ ይሆናል፣ የሪሬዝህ ብዛት ግን ከአራቱ እጆች እጅግ ይበልጣል። አራቱ እጆች ለትክክል ቅርብ የሚሆኑት እጅግ ጠንቃቃ ሰው ከመጀመሪያ ወንበር ሲከፍት ብቻ ነው፣ እዛም ላይ አንዳንዴ ጥንድ ኩዊን ኮል ቢደረግበት ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰውየው ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት እጅ አይበቃም። 50 እጅ ውስጥ ሪሬዝ የተደረገበት ሁለት ሶስቴ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቴ ጣለ ብሎ «ሁሌ ይጥላል» ማለት አይቻልም። እስክታውቀው ድረስ የተቀመጠበትን ወንበር መነሻ አድርግ፣ ወንበሩ ብዙ ይነግርሃል።

«ቱርናመንትም ካሽም ያው ነው»

አይደለም፣ ስታክ ሲያጥር ሁሉም ይቀየራል። 100 ብላይንድ ላይ ፎርቤት ሲመጣ ትጥላለህ፣ 20 ብላይንድ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሪሬዙ ራሱ ኦልኢን (ያለህን ሁሉ ማስገባት) ስለሆነ የምትጥልበት ዕድል የለም፣ ቀሪው ኮል ሲደረግ ያለህ ድርሻ ነው። በተን 2.2 ከፈተ፣ አንተ ቢግ ብላይንድ ላይ በ20 ብላይንድ ኦልኢን ገባህ፣ 19 ጨምረህ 3.7 ለማግኘት ማለት ነው። ኮል ሲደረግ 35 በመቶ ድርሻ ያለው እጅ ይዘህ ከሆነ እሱ 57 በመቶ ጊዜ ቢጥል ኪሳራ የለብህም፣ 25 በመቶ ብቻ ድርሻ ያለው እጅ ከሆነ ግን 71 በመቶ ጊዜ መጣል አለበት። እዚ ላይ ኤስ-5 ሱትድም፣ ትናንሽ ጥንዶችም ዋጋቸው ይወጣል፣ ፍሎፕ ላይ የሚመጣባቸው ጣጣ ስለሌለ አምስቱንም ካርታ ያያሉ። 7-6 ሱትድ ደግሞ 100 ብላይንድ ላይ የነበረው ጥቅሙ፣ ትልቅ ነገር ሰርቶ ትልቅ ስታክ መብላቱ፣ አብዛኛው ይጠፋል፣ ከኋላ የሚበላ ገንዘብ የለማ። የሽልማት መስመር አካባቢ ሲደረስ ደግሞ የምታጣው ቺፕ ከምታገኘው የበለጠ ዋጋ ስላለው ከላይ ያለው 57 በመቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጠርዝ ላይ ያሉትን እጆች እዛ ትተዋቸዋለህ፣ በተለይ የከፈተው ሰው ካንተ የበለጠ ስታክ ይዞ ከሆነ።